የመጨረሻው ልጅ አልወረደም

«ጎንበስ በሉ፤ አንገታችሁን የምትወዱት ከሆነ ጎንበስ በሉ» እያለ ሃምሳ አለቃ ሉዎንግ ሄሊኮፕተሯ በር ላይ ተንበርክኮ፣ የሚሮጡትን ወታደሮች በትጥቃቸው ማንገቻ እየያዘ ወደ ውስጥ ይጎትታቸዋል። የሜዳው ቀይ አቧራ ተነስቶ ፀሐይዋን ጋርዷታል። ከሄሊኮፕተሯ አናት ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ነፋሱን እየገረፈ ልብሳቸውን ከገላቸው ጋር አጣብቆታል። ከራሳቸው የሚሰፋውን የአሜሪካ የብረት ቆብ በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ጠመንጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ሩዝ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ከረጢት በትከሻው ላይ አጣፍቷል። ሌላው እግሯ የታሰረ ዶሮ ከሻንጣው ላይ አንጠልጥሏል፤ ዶሮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ የሚሆነውን ሁሉ ታያለች።

የመጨረሻውን ሰው ሲስብ ግን የሰውየው እጅ መልሶ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ሉዎንግ ቀና ቢል የገዛ ወንድሙን አየ።

የልጁ ስም ቱዌን ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ግን በሜኮንግ ወንዝ ዳር እንደተለመደው ከእናቱ ጀምሮ እስከ ጎረቤት ሁሉም «ኡት»፣ ማለትም የመጨረሻው፣ ነው የሚለው። በአዲሱ ዓመት በዓል ቤት ሲገናኙ ሳይጎን ውስጥ የጦር መኪና ጋራዥ ሊመደብ እንደሆነ ተናግሮ እናታቸውን ደስ አሰኝቷት ነበር። አሁን ከአንገቱ እስከ እምብርቱ የመትረየስ ጥይት ዝናር ተጠምጥሞበት ቆሟል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸበት ሉዎንግ።

«ጋራዡ ሰው ሞላው አሉኝ» አለ ኡት አፉን ጆሮው ላይ ደቅኖ። ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ጋሼ።»

«ወንድምህ ነው እንዴ?» አለ ከወዲያ በኩል አሥር አለቃ ሳው። ከፈረንሳዮች ዘመን ጀምሮ ሲዋጋ የኖረ፣ አፍንጫው የተጣመመ፣ መትረየሱን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ያስተኛ ሰው ነው። «ታዲያ አንተ መቃ፣ እሱ ድንክ? ሩዙ ካለቀ በኋላ ነው መሰል የወለደችው።»

ሉዎንግ ሊመልስለት ሲል የአለቃው ድምፅ በማዳመጫው መጣ። አብራሪዎቹ ከጭነቱ ክፍል በላይ፣ ሞተሩን ተንተርሰው ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ ከታች ላለው ሰው ከጫማቸው በቀር አይታዩም። «ሉዎንግ፣ ሞላ?» አለ የመቶ አለቃ ክዬም።

«ሞልቷል፣ ጌታዬ።»

ሄሊኮፕተሯ ተንቀጠቀጠች፣ አቃሰተች፣ በግድ ከመሬት ተላቀቀች። ሌሎቹ ሄሊኮፕተሮችም ከኋላዋ አንድ በአንድ ተነሱ።

ከመሬቱ ሙቀት በላይ ሲወጡ ብርድ ገባ። የቤንዚኑና የተቃጠለው ዘይት፣ የሰው ላብ፣ የአንዱ ሻንጣ ውስጥ የተሰበረው የዓሣ መረቅ ጠርሙስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ይሸታል። ወታደሮቹ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው ወለሉን ያያሉ። ፈረንሳዮች አገሩን ለቀው ከወጡ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው፤ ጦርነቱ ግን ከነሱ ጋር አልወጣም። ድሮ በጀልባና በእግር ሲንፏቀቅ የነበረው አሁን በሰማይ ይበራል፤ ያ ብቻ ነው ለውጡ። የሉዎንግ ሥራ ማሳፈርና ማውረድ ነበር። አውርዶ ይመለሳል፣ ማታ ሩዙን ይበላል፣ ካርታውን ይጫወታል። ካወረዳቸው ሰዎች ማን እንደሞተ የሚያውቀው ቁስለኛ እንዲያነሳ ሲላክ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ የሞተሩ ንዝረት «ወንድምህ፣ ወንድምህ» የሚል ይመስለዋል።

ተሳበና ከኡት አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ቆብህን አውልቀህ ተቀመጥበት።»

«ለምን?»

«ሰማይ ላይ ጥይት የሚመጣው ከታች ነው።»

ኡት የተባለውን አደረገ። ሳው አይቶት ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው፤ ራስማ ምን ያደርግልናል። ሚስት የምትፈልገው የታችኛውን ነው።» ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ወዲያው ደረቀ።

«ጋሼ፣ የምንወርድበት የሩዝ ማሳ ውሃው ጥልቅ ነው?» አለ ኡት።

«እስከ ወገብህ ቢደርስ ነው። ጎማዋን ጭቃ እንዳይዘው አናሳርፋትም፤ ውሃውን ነካ አድርገን እንቆማለን። ስትዘል ጉልበትህን አታድርቅ። ጭራዋ ላይ ትንሽ ክንፍ አለች፣ ስትሽከረከር አትታይም፤ በዚያ በኩል እንዳትሄድ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጋሽ ሳው ያለህን ታደርጋለህ።»

ኡት አንገቱን ደፋ። ዝናሩን ደጋግሞ ይነካካል፤ የነሐሱ ጥይት እርስ በርሱ ሲጋጭ ድምፁ በሞተሩ ጩኸት መሀል ባይሰማም ሉዎንግ በዓይኑ ሰማው። ሕፃን ሳለ ነጎድጓድ ሲመጣ ከሉዎንግ ብብት ሥር ገብቶ ይተኛ የነበረ ልጅ ነው። አባታቸው ሲሞት እናትየው «እሱን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ» ያለችው ለሉዎንግ ነው።

«ማሳው ይታየኛል፤ ተዘጋጁ» አለ ክዬም።

ሉዎንግ ከበሩ አጎንብሶ ተመለከተ። የጥቅምት የወንዝ ሙላት ምድሩን ሁሉ ሸፍኖታል። ከማሳው ወዲያ ቦይ አለ፤ በቦዩ ዳር የኮኮናት ዛፎች እንደ ግድግዳ ተሰልፈዋል። ከዛፎቹ ሥር የዘንባባ ክዳን ቤቶች ይታያሉ። ጭስ አይወጣባቸውም። ዳክዬ የለም፣ ጎሽ የለም፣ ሄሊኮፕተር ለማየት የሚሮጥ ሕፃን የለም።

ሳውም በትከሻው ላይ ተጠግቶ አየ። ቀልዱን ትቶ ነበር። «ሽምቅ ተዋጊዎቹ እዚያ አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ቤት ያለ ሰው በዚህ ሰዓት ሩዝ ይጥዳል።»

ሄሊኮፕተሯ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ፍጥነቷን ሰበረች። ውሃው ከሥሯ ተገላብጦ እንደ ዝናብ ወደ ላይ ዘነበ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የበተነ መሰለ። ወለሉ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ፣ በቀዳዳውም የፀሐይ ጨረር ገባ። ቀጥሎ ሌላ ተከፈተ።

«ውረዱ» አለ ሉዎንግ። «ውረዱ፣ ውረዱ።»

ሳው መትረየሱን አቅፎ ዘለለ። ዶሮ የያዘው ወታደር ተከተለው፤ ሳው «ሎክ፣ ከኔ አትራቅ» ሲለው ነው ሉዎንግ ስሙን የሰማው። እየተገፋፉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱ ባንዱ ጀርባ ላይ እየወደቀ ወረዱ። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ኡት ብቻ ቀረ።

ከመቀመጫው አልተነሳም። ጣቶቹን በመቀመጫው የገመድ መረብ ውስጥ አስገብቶ ጨብጧል። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ አይወጣውም።

«ኡት፣ ተነስ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሉዎንግ ጣቱን ሊያላቅቅ ያዘው፤ እንደ ሬሳ ጣት ደርቋል። ሱሪው ርሷል።

«ሉዎንግ» አለ ክዬም በማዳመጫው። ድምፁ ቀጥኗል። «ወረዱ?»

አንድ ግፊት ይበቃ ነበር። ሉዎንግ ከዚህ በፊት የፈሩ ወታደሮችን ገፍቶ ያውቃል፤ ሥራው ነው፤ የቆመች ሄሊኮፕተር ለሁሉም መቃብር ናት። እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈ። እጁ እዚያው ቀረ።

«ሉዎንግ፣ ወረዱ ወይ?»

«ወርደዋል፣ ጌታዬ። ተነሱ።»

የቀለለችው ሄሊኮፕተር ተስፈንጥራ ወጣች። ሉዎንግ በሩን ይዞ ወደ ታች ሲያይ ሳው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ መትረየሱን ከራሱ በላይ ይዞ፣ ዙሪያውን ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና። ሉዎንግ ወደ ውስጥ አፈገፈገ።

ሲመለሱ ኡት ጣቶቹን ከመረቡ አውጥቶ መዳፉን ያያል፤ ገመዱ ቆርጦታል።

«ስናርፍ ትወርዳለህ» አለ ሉዎንግ። «ሆዴን ቆረጠኝ ትላለህ፤ ከነዳጅ በርሜሎቹ ጀርባ ትተኛለህ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

«ዝናሩ እኔ ጋ ነው» አለ ኡት።

«ምን?»

«የመትረየሱ ጥይት። ጋሽ ሳው አንድ ዝናር ብቻ ነው የያዘው። ሌላው እኔ ጋ ነው።»

ሉዎንግ ዝናሩን ያኔ ገና ያየው ይመስል አየው። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑ ሥር ነበር። ስለ ልጁ ሲያስብ የተሸከመውን ረስቶታል።

«ሌሎች ይዘዋል» አለ፤ እንዳልያዙ እያወቀ።

«ገፍተኸኝ ቢሆን ደርሶት ነበር» አለ ኡት።

ሜዳው ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ሁለተኛው ጭነት መሮጥ ጀመረ። ሉዎንግ ወንድሙን በክንዱ ይዞ ወደ በሩ ሳበው። «ውረድ። ማንም ልብ አይልህም፣ ቶሎ ውረድ።»

ኡት እግሩን ከወለሉ ጋር ሰፋው። እያለቀሰ ነበር። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ብሶበታል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ልቀቀኝ፣ ጋሼ። ሎክ የምግብ ሳህኑን ያካፈለኝ ሰው ነው። አብሬው ነው የምተኛው።»

«ትሞታለህ።»

«አውቃለሁ። ልቀቀኝ እንጂ።»

የሚገቡት ወታደሮች በመሀላቸው ተሰነቀሩና ለያዩዋቸው። ክዬም «ሞላ?» ሲል፣ ሉዎንግ «ሞልቷል» አለ።

ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይልቅ አጭር ሆነበት። የሚሄዱበትን አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ከማሳው ላይ ጥቁር ጭስ ይነሳል፤ ከፊታቸው ከወረዱት ሄሊኮፕተሮች አንዷ በጎኗ ተኝታ እየነደደች ነው። የነሱም ሄሊኮፕተር አካል ከዚያው ብረት የተሠራ ነው፣ እሳት ከነካው እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል። ሉዎንግ ይህን ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን እንዲህ ቆዳው ድረስ አላወቀውም።

ኡት በሩ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጎማዋ ውሃውን ሳይነካ፣ ማንም ሳያዘው፣ ዝናሩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ዘለለ። ሉዎንግ ሰው ከሚዘልበት ከፍታ በላይ መሆኑን አይቶ ሊይዘው እጁን ሰነዘረ፤ የጨበጠው ነፋስ ነው። የቀሩት ተከተሉት።

«ወርደዋል፣ ጌታዬ» አለ። የዚህን ጊዜ እውነቱን ነበር።

ሄሊኮፕተሯ ጥቂት እንደተነሳች ሞተሩ ላይ የከበደ ነገር ወደቀ። ዘይት እንደ ደም ከላይ ፈሰሰ። የክዬም ጫማ ተንፈራገጠ። ሰማይና ውሃ ቦታ ተለዋወጡ፣ ክንፉ ጭቃውን መትቶ ተሰባበረ፣ ከዚያ ሉዎንግ ቡናማ ውሃ እየዋጠ ነበር።

አንድ እጅ ኮሌታውን ይዞ አወጣው። ኡት ነው። «ሌሎቹስ?» አለው ኡት። ሁለተኛው አብራሪ በመስኮቱ ወጥቶ ውሃው ላይ ይንቦጫረቃል። ክዬም መቀመጫው ላይ ነው፤ ጭኑ ተሰንጥቋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ተንጠላጥለው ወጡ፣ ቀበቶውን ቆርጠው ጎትተው አወረዱት። ጥይት ውሃውን እየወጋ ያልፋል። ሉዎንግ እግሩ ከጭቃው አልላቀቅ ባለው ቁጥር እንደ ሕፃን ማቃሰቱን ራሱ ይሰማዋል። ማሳውን ከማሳ የሚለየው የአፈር ግድብ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ሄሊኮፕተሯ በነጭ ብርሃን ነደደች።

ግድቡ ሥር ከሳው ጋር የወረዱት ወታደሮች መሽገዋል። ሳው ሆዱን ይዞ ተጋድሟል፤ ጣቶቹ መሀል ደም ይመጣል። መትረየሱ አጠገቡ ነው። ከመትረየሱ ወዲያ ሎክ በደረቱ ተደፍቷል። ዶሮዋ ከሻንጣው ላይ በሕይወት አለች።

ኡት ሎክን አየ። ዝናሩን አውልቆ መትረየሱ ላይ ሊያጎርስ ሞከረ፤ አልገባ አለው። ደግሞ ሞከረ። ገባ። ወደ ዛፎቹ መተኮስ ጀመረ፤ ከዚያ በኩል የነበረው ተኩስ ለአፍታ ጋብ አለ።

«የት ነበርክ?» አለ ሳው። ድምፁ ደክሟል።

ኡት አፉን ሳይከፍት ሉዎንግ ቀደመው። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ጋሽ ሳው። መግፋት ነበረብኝ፣ አልገፋሁትም።»

«እናንተ ሰማይ ላይ ሽምግልና ስትቀመጡ እኛ እዚህ ጭቃ ልንወረውርባቸው ነበር» አለ ሳው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሎክ አዞረ። «እናቱ አንድ እሱን ብቻ ነው ያላት። አንተ ሂድና ንገራት።»

«እሺ» አለ ሉዎንግ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንዲት ሄሊኮፕተር ጭሱን ተከልላ፣ ውሃውን እየላሰች መጣች። በሯ ላይ ያለው የሉዎንግ ጓደኛ ነበር፤ ትናንት ካርታ አብረው ተጫውተዋል። «አብራሪዎቹን ነው የታዘዝኩት» ብሎ ጮኸ። «አብራሪና ሠራተኛ፤ እግረኛ የለም። ሞተሯ ስለደከመ ብዙ አትሸከምም፣ ቶሎ በሉ።»

ክዬምን በአራት እጅ አንስተው ሰጡት። ሁለተኛው አብራሪ ገባ። «አንተስ? ና እንጂ» አለው ጓደኛው እጁን ዘርግቶ።

የሉዎንግ ገላ በሙሉ ወደዚያ እጅ ሄደ። እውነቱ ይህ ነው። ጉልበቱ፣ ሆዱ፣ የጭንቅላቱ ፀጉር ሳይቀር ወደዚያ በር ተሳበ። ወደ ኋላው ሲዞር ሳው ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተጋድሟል። ኡት መትረየሱን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶታል፤ እያወቀ ነው ያልዞረው።

ሉዎንግ ሳውን በብብቱ ይዞ አነሳው።

«ምን ታደርጋለህ?» አለ ሳው። «አውርደኝ። ትእዛዙን አልሰማህም?»

«ዝም በል፣ ጋሼ። ከባድ ነህ፣ አታናግረኝ።»

«እግረኛ የለም ብያለሁ» አለ ጓደኛው።

«የእኔ ቦታ ነው። የወደድኩትን ሰው አስቀምጥበታለሁ።»

ጓደኛው ዓይን ዓይኑን አየው። ከዚያ ሳውን በማንገቻው ይዞ ሳበው። ሄሊኮፕተሯ ጭራዋን ቀና አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሻለቃ ጦሩ በቦዩ በጀልባ ደርሶ ያወጣቸዋል፤ ሽምቅ ተዋጊዎቹም በጨለማ ለቀው ይሄዳሉ። ሳው ሆስፒታል ገብቶ ይተርፋል። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሉዎንግ የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ በመጨረሻም ሲጠፋ ሰማ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያ ድምፅ ከእሱ ጋር ስለሚሄድ ሲጠፋ ሰምቶት አያውቅም። ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ከተኩሱ ይልቅ አስፈራው። እንቁራሪቶች መጮህ ጀመሩ። ከዛፎቹ በኩል አንድ ሰው ሳለ፤ ሳሉ በጣም ቅርብ ነበር።

በደረቱ ተስቦ ከወንድሙ አጠገብ ተኛ። ኡት ሳይዞር ቦታ ለቀቀለት።

«ለምን አልሄድክም?» አለው በሹክሹክታ።

የሉዎንግ ጥርስ እየተንገጫገጨ ነበር፤ ሊያቆመው ሞከረ፣ አልቻለም።

ኡት ይህን ሰማና አንድ እጁን ከመትረየሱ ላይ አንስቶ የታላቅ ወንድሙን ራስ ወደ ጭቃው ዝቅ አደረገው። «በአፍህ አትተንፍስ» አለው። «በአፍንጫህ ቀስ እያልክ። ድምፅ እንዳታሰማ፤ እየመጡ ነው።»